ኒኮን ዜድ5 ሁለት ካሜራን ልግዛ? የድሮ ሌንሴ ነገር አስጨንቆኛል

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ደብረ ብርሃን ሠርግ አነሳለሁ። ኒኮን ዲ750 ብዙ ዓመት እንጀራ አብልቶኛል። አሁን በ2017 ዓ.ም. የወጣው መስታወት አልባው ዜድ5 ሁለት ልቤን ወስዶታል። 24.5 ሜጋፒክስል፣ ሁለት የካርድ ቦታ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ሴንሰር አለው። ከሁሉም የሳበኝ ግን በደብዛዛ ብርሃን ፎከስ መያዙ ነው። ተክሊል ሲፈጸም ገና ጎህ አልቀደደም፤ የሙሽራዋ ፊት ላይ ያለው የጧፍ ብርሃን ብቻ ነው። እዚያ ፍላሽ ማብራት ደስ አይለኝም።

ችግሬ 50 ሚሊሜትር 1.8ዲ ሌንሴ ነው። ውስጡ ሞተር የለም። ከኋላው ያለችውን ትንሽ ብሎን የሚያዞራት የካሜራው ሞተር ነው። የድሮ ሌንስን ከዜድ ካሜራ ጋር በሚያገናኘው ኤፍቲዜድ አዳፕተር ሲገጠም ደግሞ፣ ብሎኗን የሚያዞር ሞተር ስለሌለ ፎከሱ በእጅ ብቻ ይሆናል። የምወደው ሌንስ ነው፣ መሸጡ ያሳሳኛል።

እንዲህ ያለ ሌንስ በዜድ ካሜራ እየተጠቀማችሁ ሠርግ የምታነሱ አላችሁ? ጠርዙን በቀለም የሚያሳየው የፎከስ እርዳታ በጧፍ ብርሃን ያስተማምናል? ወይስ ሸጬ ለዜድ የተሠራውን 50 ሚሊሜትር ሌንስ ልግዛ? የእኛ ሀገር የጠዋት ብርድም ባትሪ ይበላልና ስንት መለዋወጫ ትይዛላችሁ? ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ይጀምራል፣ ሳልዘገይ መወሰን አለብኝ።