ታዳጊ ልጅ የሚያነበውን ጨለማ ልብ ወለድ ወላጅ አብሮ ያንብብ ወይስ ይተወው?

የአንድ ልጅ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ መጽሐፍ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። አሁን አስተማሪው የሱዛን ኮሊንስን «ሀንገር ጌምስ» አንብብ ብላዋለች። አብሬው ላንብብ ብል ባለቤቴ «ልጆች የሚገዳደሉበት መጽሐፍ ምኑ ነው ለልጅ የሚሆነው?» አለኝ። እህቴ ደግሞ «ከገባሽበት የእሱ መሆኑ ይቀራል፣ ተይው» ትላለች። እናንተስ?

የሦስት ልጆች አባት፦ እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ እህቴ። ታሪኩን ለማታውቁት፦ ከ12 ወረዳዎች ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 የሆኑ 24 ልጆች በዕጣ ተለይተው አንድ ብቻ እስኪቀር ይጋደላሉ። ሕዝቡ በቴሌቪዥን ያያል። ይሄ የማንበብ ፍቅር ያመጣል? ደሞ የሚቃወመው እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2010፣ በ2011 እና በ2013 የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ብዙ ቅሬታ ቀረበባቸው ካላቸው 10 መጻሕፍት አንዱ ነበር።

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ያ ዝርዝር የሚቆጥረው ቅሬታ ነው። የመጽሐፉን ክፋት አይለካም። ኮሊንስ ሐሳቡ የመጣላት ቴሌቪዥን ስትቀያይር መሆኑን ተናግራለች፤ በአንዱ ጣቢያ የውድድር ትርዒት፣ በሌላው የጦርነት ዜና። መጽሐፉ የሚከሰው ግድያን እያየ የሚዝናናውን ተመልካች ነው።

ሰው ሁሉ ስለ ደሙ ያወራል፤ እኔ ክፍል ውስጥ የምቆየው ዕጣው ላይ ነው። ዕጣ ስለሆነ ለሁሉም እኩል ይመስላል። ግን የተራበ ልጅ ትንሽ እህልና ዘይት ለማግኘት ስሙን ደጋግሞ ማስገባት ይችላል። ስለዚህ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የ16 ዓመቷ ካትኒስ ስም 20 ጊዜ ገብቷል፣ የጓደኛዋ የጌል 42 ጊዜ። ጠግቦ የሚያድር ልጅ ይሄ አያሰጋውም። ዓመቱን ሙሉ ዝም የሚሉ ተማሪዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ «ይሄማ ማጭበርበር ነው!» ብለው ይጮኻሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ለማያነብ ልጅ ደግሞ አጻጻፉ ይመቻል። ካትኒስ ራሷ «እኔ» እያለች፣ አሁን እየሆነ እንዳለ ነው የምትተርከው። ምዕራፉም የሚያልቀው ልብ አንጠልጥሎ ነው።

የሦስት ልጆች አባት፦ ይሁን። ግን ይሄን ሁሉ የሚያየው አጠገቡ አስረጂ ሲኖር ነው። ብቻውን ከሆነ የሚያየው ደሙን ብቻ ነው።

መምህርቷ፦ እንግዲያው አብሮ ማንበብን ደገፍክ ማለት ነው 😄

የ17 ዓመት አንባቢ፦ ይቅርታ፣ በትልልቆች ወሬ ገባሁ። እኔን የሚያናድደኝ «ከዚህ ምን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ልቤ እንደተሰቀለ ፈተና ይሆንብኛል። ደሞ የነዚህ መጻሕፍት ነገሩ ሁሉ አዋቂዎች ይዋሻሉ፣ ወይ አቅም ያንሳቸዋል ነው። የካትኒስ እናት እንኳን ባሏ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ከሞተ በኋላ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ልጅቷ ናት ቤቱን የምትመግበው። እሱን ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ ላንብብ?

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ ይሄ ልጅ ዋናውን ነገር ነካው። ጨለማው እኮ የግድ ደም አይደለም። የሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» በ1993 ታትሞ በ1994 የኒውበሪ ሜዳሊያ (የአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ሽልማት) ተሸልሟል። ልጆች የሚጋደሉበት ውድድር የለበትም። የ12 ዓመቱ ጆናስ የአባቱን ሥራ በቪዲዮ ያያል። አባቱ መንታ ሕፃናትን ይመዝንና የቀለለውን ግንባሩ ላይ መርፌ ይወጋዋል። በለሰለሰ ድምፅ እያባበለው! ከዚያ በካርቶን አድርጎ ይጥለዋል። ልጁ ያን ምሽት ወደ ቤት አልሄድም ይላል። እኔ ወላጅ ሆኜ ሳነበው ከሀንገር ጌምስ ውጊያ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ገጽ ነው።

ታዲያ ይነበብ ወይ? አዎ፣ ይነበብ። ግን ልጁ ይቅደም። እህቴ፣ ከተቻለ ሁለት ቅጂ ያዙ፤ እሱ ፊት ፊት ይሂድ፣ አንቺ ተከተይ። «እዚህ ጋ ተናድጄ ዘጋሁት» በይው እንጂ አትጠይቂው። ካወራ ያውራ፣ ዝም ካለም ዝም ይበል። ዳንኤል ፔናክ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲና መምህር በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ 10 የአንባቢ መብቶች ዘርዝሯል። የመጀመሪያው አለማንበብ ነው፣ ሦስተኛው አለመጨረስ። እኛ ትልልቆቹ በየቀኑ እንጠቀምባቸዋለን፣ ለልጅ ሲሆን ግን እንከለክላለን።

የሦስት ልጆች አባት፦ አለማንበብ መብት ከሆነማ የዚህች እናት ልጅ ተሟልቶለታል! ቀልዴን ነው። ልጁ ቀድሞ ቢያነብ እናት ከኋላ የምትደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ብቻዬን ጨርሼው ነው የምሰጠው።

የ17 ዓመት አንባቢ፦ ጋሼ፣ እሱማ ፍተሻ ነው። ልጁ ወዲያው ያውቅብዎታል።

የሦስት ልጆች አባት፦ ይወቅብኛ! አባት አይደለሁ? ደግሞ በ2010 የወጣውን የሀንገር ጌምስ ሦስተኛ መጽሐፍ አይታችሁታል? መጨረሻው ላይ የካትኒስ ታናሽ እህት…

የ17 ዓመት አንባቢ፦ ኧረ በፈጠሮት! ስፖይል አያድርጉ፣ ልጁ ገና አልጀመረም!

የአንድ ልጅ እናት፦ እኔም ገና አልጀመርኩም 😅 ሁለተኛ ቅጂ ልፈልግ ነው። ለባለቤቴ ደግሞ የዕጣውን ገጽ ብቻ አስነብበዋለሁ።