«ለተማሪ ታሪኩ ይበቃዋል» ማለት ምን ማለት ነው?

የሳራ እናት፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «ርካሹን እትም ግዙ፤ ለተማሪ ታሪኩ ይበቃዋል» የተባለው በጣም አናዶኛል። ልጄ ለንደን ውስጥ ለጂሲኤስኢ (በ16 ዓመት ገደማ ለሚወሰደው የእንግሊዝ ፈተና) የእንግሊዛዊውን ደራሲ የዲከንስን ልብ ወለድ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ትማራለች። ርካሹን ገዛሁላት። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ መግቢያ የለው፣ ማብራሪያ የለው። ገና ከመጀመሪያው «ሀልክስ» የሚል ቃል አለ። ልጅቷ በምን ትወቀው?

ኪዳኔ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። እህቴ፣ ምሳሌሽ ለኔ መሰከረ። ምዕራፍ 2 ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፒፕ ራሱ ሀልክስ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። እህቱም የእስረኞች መርከብ መሆኑን ትነግረዋለች። ደግሞ ዲከንስ ይህን እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1861 በየሳምንቱ ያወጣው በሁለት ፔኒ በሚሸጥ ርካሽ መጽሔት ላይ ነው። ለሊቃውንት ብቻ አልጻፈውም።

የሳራ እናት፦ እሺ፣ በሀልክስ ተረታሁ። መጨረሻውስ? ዲከንስ መጀመሪያ የጻፈው ሌላ ነበር። ፒፕ የሚያፈቅራት ኤስቴላ ሐኪም አግብታ፣ ለንደን ፒካዲሊ መንገድ ላይ ፒፕን ለአፍታ አግኝታው ይለያያሉ። ወዳጁ ደራሲው ቡልወር ሊተን ቀይረው ስላለው ነው አሁን የምናነበው መጨረሻ የመጣው። ይህን «ታሪኩ» ውስጥ ከየት ታገኘዋለህ?

ኪዳኔ፦ ደራሲው አምኖበት ያሳተመው እሱ ነው ታሪኩ። የተወውን ትቶታል።

መምህሩ፦ አስተምረዋለሁና ልናገር። ፈተናው ላይ መጽሐፍ ይዞ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ልጁ የራሱ ቅጂ ይኑረው፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ይጻፍበት። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ይህን ማድረግ አይችልም። ርካሹ ለዚህ ይሆናል።

ትዕግስት፦ ከዚህ ሁሉ አሳጥረው የጻፉትን ለምን አትገዙም? ልጆቹ ጥናት በዝቶባቸዋል።

ኪዳኔ፦ እሱንስ በፍጹም! የእህቱ ባል ጆ ፒፕን ሊጠይቅ ለንደን ሲመጣ አስቢ። ኮፍያውን ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል፤ ይወድቃል። ያነሳዋል፤ ደግሞ ይወድቃል። ፒፕ ባሳደገው ሰው ያፍራል። እኔ ያየሁት አጭር እትም ይህን በሁለት መስመር ነው ያለፈው። ከገጠር የመጣ አባቱን ጓደኞቹ ፊት ያፈረበት ሰው ያንን ኮፍያ ያውቀዋል።

ትዕግስት፦ እኔ ስለ ጊዜ ነው ያወራሁት። ለምን ትቆጣኛለህ?

የሳራ እናት፦ አየህ፣ አንተም «ታሪኩ» ስትል ሙሉውን ማለትህ ነው። ሙሉው ደግሞ ሁለቱንም መጨረሻ ይጨምራል።

ኪዳኔ፦ አይጨምርም።

መምህሩ፦ ማብራሪያ ያለው ላይብረሪ አይጠፋም።

የሳራ እናት፦ ነገ አመጣዋለሁ። የፒካዲሊውን መጨረሻ ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ኪዳኔ፦ ለጥፊው፣ አነበዋለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀይርም።