ከሳውዝሃምፕተን ሊቨርፑል በመርከብ፦ ትራቭል ዶክመንት ይበቃል?

የበርሚንግሃሟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ጓደኞቼ ነሐሴ ላይ ለአጭር ክሩዝ ሊሄዱ ነው፣ እኔንም ነይ ብለውኛል። መርከቡ ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ አየርላንድ ኮቭ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ቤልፋስት፣ መጨረሻው ሊቨርፑል ነው። እኔ ያለኝ የስደተኛ ትራቭል ዶክመንት ነው፣ ፓስፖርት የለኝም። አለቃዬ "እዚሁ አገር ውስጥ እኮ ነው፣ ምንም አያስፈልግሽም" አለችኝ። እሷ ምን ቸገራት፣ ቀይ ምንጣፍ ይነጠፍላታል። ቀብዱ በዚህ ሳምንት ይከፈል ተብሏል። በተለይ የኮቭን ነገር የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

አባ ወረቀት፦
እህቴ፣ ቀብዱን እንዳትከፍዪ። ቤልፋስት እንግሊዝ መንግሥት ሥር ነው፣ አያሳስብሽ። ኮቭ ግን ሌላ አገር ነው። ሁለቱ አገሮች የጋራ የጉዞ ቀጣና ስላላቸው ድንበሩ ክፍት ይመስላል፣ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው፤ ነጻ ዝውውሩ ለዜጎቻቸው እንጂ ለእኛ አይደለም። ድሮ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የሰጡትን የስደተኛ ትራቭል ዶክመንት የያዘ ሰው ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ አየርላንድ ይገባ ነበር። በፈረንጆቹ ጁላይ 2022 አየርላንድ ይህንን አቆመች። አሁን ቪዛ ግድ ነው። "ከመርከቡ አልወርድም" ማለትም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የመርከብ ድርጅቶች መርከቡ ለሚነካው አገር ሁሉ የተሟላ ሰነድ ይጠይቃሉ፤ ከሌለሽ ከወደቡ ይመልሱሻል፣ ብርሽም ቀለጠ ማለት ነው። ሌላው፣ ቢአርፒ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ታሪክ ሆኗል። ትራቭል ዶክመንትሽን አሳድሰሽ ከሆነ አዲሱን ቁጥር ካርዱን በተካው የኢንተርኔት ፈቃድሽ፣ በኢቪዛሽ አካውንት ላይ አስገቢ። ይህን የማያደርግ ሰው ነው በኋላ የሚያለቅሰው።

የወደቡ ልጅ፦
እኔ ሳውዝሃምፕተን ነኝ። ከታክሲ ስትወርጂ ሻንጣሽን ተሸካሚዎች ይወስዱታል፣ ማታ ካቢንሽ በር ላይ ነው የምታገኚው። ስለዚህ ወረቀትሽንና መድኃኒትሽን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ፣ በእጅሽ ያዢ። ደግሞ መንገዱን ስታስቢው ያስቃል። ታይታኒክ ቤልፋስት ተሠራች፣ በ1912 ከሳውዝሃምፕተን ተነሳች፣ የመጨረሻ ወደቧ ኮቭ ነበር፣ ኋላዋ ላይ የተጻፈው ስም ደግሞ ሊቨርፑል ነው። ጓደኞችሽ አውቀው ነው የመረጡልሽ?

ትዝታ፦
ሳውዝሃምፕተን ሲባል እኔ የሚመጣብኝ ሌላ ነው። ጃንሆይ በስደት እንግሊዝ የገቡት በዚያ ወደብ ነው፣ ግንቦት 26 ቀን 1928። ከዚያ በባቡር ለንደን፣ በኋላም ባዝ። መርከቡ ወደ ባሕር ሲወጣ በቀኝ በኩል የዋይት ደሴትን እዪ። ካውስን አልፎ ዛፍ መሃል ብቅ የሚሉት ማማዎች ኦዝቦርን ናቸው፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ቤት። ልዑል ዓለማየሁን በ1868 እንደ ፈረንጆቹ እዚያ ነው ያቀረቡላት፣ ሰባት ዓመት ያልበለጠው ሕፃን። አስከሬኑ እስካሁን ዊንዘር ነው፣ ቤተ መንግሥቱ በ2023ም አንመልስም አለ። አንድ ቀን አልፌ ሳየው ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። ወረቀት ያለንም የሌለንም ያው እንግዳ ነን እዚህ።

ሊቨርፑላዊው፦
አይዞን እህት፣ አታስለቅሺን። የበርሚንግሃሟ፣ ሊቨርፑል ላይ መርከቡ ከተማው መሃል ነው የሚያቆመው። ታክሲ አያስፈልግም፣ ከሊቨር ሕንፃ አጠገብ ትወርጃለሽ፣ አልበርት ዶክም በእግር ነው። ወደቡ የዓለም ቅርስ ነበር፣ በ2021 ሰረዙት። ውሃው ዳር ሕንፃና ስታዲየም ስላበዛን ነው አሉ። እኔ ግን ስታዲየሙን ነው የምደግፈው።

ጋሽ ለንደን፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በፍልሰታ ነው ክሩዝ? መጠጥ፣ ዳንስ፣ ቁማር ያለበት መርከብ ላይ? ብር ለገበያ ከተለቀቀ ከሐምሌ 2016 ወዲህ እዚህ ትንሽ የምትመስለው ፓውንድ እዚያ ቤት ታቆማለች። አገር ቤት ስንቱ እየራበው እናንተ ባሕር ላይ ስትንሳፈፉ ሕሊናችሁ አይቆረቁራችሁም?

የወደቡ ልጅ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ እኛ ኤቲኤም ነን እንዴ? ሌሊት ሺፍት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር "ላኪ" ነው፣ "እንዴት ነሽ" እንኳ የሚቀድምበት ጊዜ የለም።

ጋሽ ለንደን፦
ልጄ፣ እኛ ስንመጣ ስምንት ሰው አንድ ክፍል ተኝተን ነው ወንድም እህት ያስተማርነው። ማንም ኤቲኤም አላለንም።

የበርሚንግሃሟ፦
ጋሼ፣ የእናቴን በየወሩ እልካለሁ፣ የቤቷን ቆርቆሮም አስለውጫለሁ። ለጾሙም የቪጋን ምግብ አለ ብለውኛል፣ ቀድሜ ማስታወቅ ብቻ ነው። አባ ወረቀት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የአየርላንዱ ቪዛ እስከ ነሐሴ ይደርሳል? ወይስ ኮቭን የማይነካ ሌላ መርከብ ልፈልግ?

ሊቨርፑላዊው፦
ሌላ መርከብ ፈልጊ።

ጋሽ ለንደን፦
እኔ ስለ አንቺ አልተናገርኩም ልጄ፣ በጥቅሉ ነው። ትውልዱ መዝናናት አብዝቷል ነው ያልኩት።

የወደቡ ልጅ፦
ጋሼ፣ አምና ዱባይ ግመል ላይ ተቀምጠው የተነሱትን ፎቶ እዚሁ አልነበር የለጠፉት? እሱስ ሁዳዴ አልነበረም?