የባጊዬ ሮታሪ ሞተር፦ ላሳድሰው ወይስ በኮሮላ ሞተር ልቀይረው?

ጠያቂ፣ ከሱሉልታ
ሰላም ወገኖች። ከቧንቧ ብረት የተበየደ የሜዳ ባጊ አለኝ። ሞተሩ ከማዝዳ አርኤክስ-7 የወጣ 13ቢ ነው። ፒስተን የለውም፤ ውስጡ የሚዞሩት ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች ናቸው። ካምቢዮው የቮልስ ነው። ሰሌዳ ስለሌለው አስፋልት አይወጣም፣ ከሱሉልታ ጀርባ ባለው የቤተሰብ መሬት ላይ ብቻ ነው የምነዳው።

ጠዋት ቁልፍ ስሰጠው ወዲያው ይነሳል። ትንሽ ሠርቶ ካጠፋሁት በኋላ ግን እምቢ ይላል፣ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነው። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ አለው። የራዲያተሩ ውሃም ይጎድላል፣ ከሥሩ ግን አንድም ጠብታ አላየሁም። አንድ ጋራዥ ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ለክተው በሁለቱም ሮተር 75 ፒኤስአይ አገኙ። «ይሄ ሞቷል፣ የኮሮላ ሞተር ግጠምበት» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሞተሩን በጣም ነው የምወደው። ምን ትሉኛላችሁ?

መካኒኩ፣ ከሰበታ
ልጄ፣ ሞተሩን ከማውረድህ በፊት አለካኩን ጠይቅ። የተለመደው የኮምፕሬሽን መለኪያ ውስጡ አየር የሚይዝ ትንሽ ቫልቭ አለው። ሮተር ሦስት ፊት አለው፣ ሦስቱም ለየብቻ ያምቃሉ። ቫልቩ ካልወጣ መለኪያው ከሦስቱ የጠንካራውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ሁለቱ የደከሙ ቢሆኑ እንኳ አታውቅም።

ስለዚህ ቫልቩን አውጣው። ቤንዚኑንና እሳቱን አቋርጥ፣ የላይኞቹን ካንዴላዎች ፍታ፣ መለኪያውን በአንዱ ቀዳዳ እሰር፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጠህ ሞተሩን በሞተሪኖው (በማስነሻው) አዙረው። መርፌውን በስልክህ ቅረጸው። ሦስቱ ዝላይ እኩል ከሆኑ ደህና ነው። ሁለት ተከታታይ ዝላይ ከደከሙ በመካከላቸው ያለው አፔክስ ሲል ሄዷል ማለት ነው። አፔክስ ሲል የሮተሩ ጫፍ ላይ ያለች ስስ ብረት ናት፣ በፒስተን ሞተር የፋሻን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። አንድ ብቻ ከደከመ ደግሞ የጎን ሲሎችን ጠርጥር።

ዝላዮቹንም ቁጠራቸው። ዋናው ዘንግ አንዴ ሲዞር መርፌው አንዴ ይዘላል። ማዝዳ የሚለካው በደቂቃ 250 ዙር ላይ ነው፣ ይህም በ5 ሰከንድ 21 ዝላይ ገደማ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ የሞተሪኖህን ድካም ነው የለካኸው። ቀዝቃዛም ሞቃትም ሆኖ ሞክረው።

ኢንጂነሯ፣ ከለገጣፎ
ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የፋብሪካው ዝቅተኛ ልክ 85 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፣ ግን እሱ ለባሕር ጠለል ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በሩብ ገደማ ይሳሳል፣ ሞተሩም የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው። ሂሳቡን ስሠራው ያ 85 እናንተ ጋ ወደ 63 ይወርዳል። ስለዚህ 75 ብቻውን የሞት ማስረጃ አይሆንም። የውጭ አገር ቁጥር እንዳለ እየተወሰደ ስንቱ ደህና ሞተር እንደተጣለ ሳስብ ያናድደኛል።

የራዲያተሩን ክዳንም እየው። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን ካለህ ከ110 በላይ ያደርስልሃል። ጎማው የደረቀ ክዳን ከሆነ ግን ይህ ሞተር ይቃጠላል።

ባለ ቶርኖው፣ ከቃሊቲ
እኔ ከጋራዡ ጋር ነኝ። የፒስተን ሞተር ሲሊንደሩ ቢያልቅ ቶርኖ ቤት እናሰፋዋለን፣ ወፍራም ፒስተን ይገባል፣ አለቀ። የሮታሪ ቤት፣ ማለትም ሮተሩ የሚዞርበት፣ ውስጡ ክሮም የተቀባ ነው። ክሮሙ ከተላጠ እኔም ሆንኩ ማንም ሰው እዚህ አያሰፋልህም፣ ሙሉ ቤቱን መግዛት ነው። የኮሮላው 4ኤ ሞተር ግን ሶማሌ ተራ ወርደህ መለዋወጫውን ይዘህ በዚያው ቀን ትመለሳለህ። ከቮልስ ካምቢዮ ጋር የሚያገናኘውን ሳህን እኔ ልቆርጥልህ እችላለሁ። መሃሉ ብቻ በትክክል መግጠም አለበት፣ ትንሽ ከሳተ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላዋል።

ከዱባይ
ወንድሜ ባለ ቶርኖ፣ ስለ ክሮሙ ልክ ነህ። ግን ርዝመቱን አትርሳ። 13ቢ አጭር ነው፣ 4ኤ ከኋላ ብዙ ወጥቶ ይቀራል። ዳገት ላይ የባጊው አፍንጫ ይቀላል፣ መሪውም አይታዘዝም። ፍሬሙን ካልቀየርክ አደገኛ ነው።

ጠያቂው፣ ነጭ ጭስና የሚጠፋ ውሃ ሲባል እኔ የማስበው የውሃ ሲሎችን ነው። ይህ ሞተር እንደ ሳንድዊች የተደራረቡ አምስት ቁራጮች ናቸው፣ በመካከላቸው ውሃውን የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። አንዴ በደንብ ከጋለ ጎማው ይጠነክራል፣ ውሃው ወደ ማቃጠያው ይገባል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈትና አስነሳው። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ እሱ ነው።

ጠያቂ፣ ከሱሉልታ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሞከርኩት። ዝላዮቹ በሁለቱም ሮተር እኩል ናቸው። ቀዝቃዛ ሳለ ቆጠራው 21 ይደርሳል፣ ሲሞቅ ግን ወደ 15 ይወርዳል። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋው አይቋረጥም። ሞተሪኖው ደግሞ ከማርሚታው ቱቦ ጋር ተጣብቆ ነው የተቀመጠው።

መካኒኩ፣ ከሰበታ
እንግዲህ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ሲሞቅ አለመነሳቱ ከሞተሪኖው ነው፣ ሙቀቱ ይዞታል። አጽዳው፣ በእሱና በቱቦው መካከል ቆርቆሮ ጋርድ፣ የባትሪውንም ገመድ በወፍራም ቀይር።

ውሃው ግን ሞተር ማውረድ ይፈልጋል። የበራሪውን (የፍላይዊሉን) ነት የሚፈታው 54 ቁጥር ነው፣ እጅግ ጠብቆ ስለታሰረ ረጅም ቧንቧ ያስፈልግሃል። ቁራጮቹን በቅደም ተከተል ምልክት አድርግባቸው፣ የአንዱ ሮተር ሲል ወደ ሌላው እንዳይሄድ። የጎማ ቀለበቶቹ የሚቀመጡበትን ቦይ በደንብ አጽዳና እይ። ተራ ውሃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ ከሆነ ግድግዳው በዝገት ይበላል፣ አዲስ ጎማ ብታስገባም አይይዝም። ከዚያ የቤቱን ውስጥ በጥፍርህ ዳስስ፣ በተለይ ካንዴላው ጋ። ለስላሳ ከሆነ ሲልና ጓርኒሲዮን ብቻ አዝዘህ መልሰህ ግጠመው። ክሮሙ ከተላጠ ያኔ የቃሊቲውን ልጅ ጥራው፣ ፍሬሙንም አብራችሁ አስቡበት።

ከዱባይ
ከፍተህ ፎቶ ለጥፍልን። ቤቶቹ ደህና ከሆኑ የሲሉን ስብስብ ከዚህ ፈልጌ ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የሞተሩን ዓመት ብቻ አጣራልኝ፣ የውሃ ሲሉ እንደ ዓመቱ ይለያያል። ዘይት ወደ ማቃጠያው የምትረጨው ትንሿ ፓምፕ መኖሯንም እይ። ከተነቀለች ለ10 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ሳትቀላቅል አታስነሳው።