የወንጀል ፍርሃትን በመጠይቅ መለካት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከ«ሚዛን»

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ሰዎች ወንጀልን ምን ያህል እንደሚፈሩ፣ ፍርሃቱም በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ለማጥናት በዝግጅት ላይ ነኝ። ካነበብኳቸው ጥናቶች አብዛኞቹ «ከመሸ በኋላ በሰፈርዎ ብቻዎን ሲሄዱ ምን ያህል ደኅንነት ይሰማዎታል?» በሚለው ጥያቄ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ እኔም ይህንኑ ለመውሰድ አስቤያለሁ። ይሁን እንጂ ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። ይበልጥ እንፈራለን የሚሉት ሴቶችና አረጋውያን ሆነው ሳለ በመንገድ ላይ ጥቃት በብዛት የሚደርሰው በወጣት ወንዶች ላይ ነው። ከዚህም ሌላ የወንጀል ቁጥር በሚቀንስባቸው ዓመታት እንኳ ብዙ ሰው ወንጀል ጨምሯል ይላል። ታዲያ ሰዎች የሚፈሩት ያለ ምክንያት ነው ወይስ የምንጠይቅበት መንገድ ነው ስሕተት ያለበት? በዚህ ላይ የሠራችሁ ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ከ«ናሙና»

ከሁሉ በፊት ሊወስዱት ያሰቡትን ጥያቄ ቃል በቃል ደግመው ያንብቡት፤ ወንጀልም ሆነ ፍርሃት የሚል ቃል የለበትም። መላሹ ውሻ አስፈርቶት ይሁን፣ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ ሰግቶ ይሁን፣ ወይም ቀማኛ ታስቦት፣ መልሱ ያው አንድ ሆኖ ይመዘገባል። ከመሸ ከቤቱ የማይወጣ ሰው ደግሞ የማያደርገውን ነገር ቢያደርግ ምን ሊሰማው እንደሚችል ገምቶ ነው የሚመልሰው።

ጥያቄው የተስፋፋው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ያቋቋሙት ኮሚሽን ለፖሊስ ሳይነገሩ የሚቀሩ ወንጀሎችን ለማወቅ የሕዝብ ዳሰሳ ሲያስጠና፣ በዚያው ስለ ፍርሃትም ተጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ከ1973 ጀምሮ በአጠቃላይ ማኅበራዊ ዳሰሳ፣ በብሪታንያም ከ1982 ጀምሮ በወንጀል ዳሰሳ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ቆይቷል። አጭር ነው፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ አንዱን ዓመት ከሌላው ለማወዳደርም ያመቻል። ኬኔት ፌራሮና ራንዲ ላግሬንጅ ግን በ1987 ባወጡት ጽሑፍ ልኬቱን አጥብቀው ተችተዋል። አንድ ሰው ልዘረፍ እችላለሁ ብሎ መገመቱ፣ ወንጀል የአገር ችግር ሆኗል ብሎ ማሰቡና ልቡ በፍርሃት መምታቱ የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ ብዙ ጥናቶች ሁሉንም የወንጀል ፍርሃት በሚል አንድ ስም ይጠሯቸው ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ወንጀል በስሙ ለይተው ይጠይቁ፤ ስለ ቤት ሰብሮ ስርቆት፣ ስለ ቅሚያና ስለ ድብደባ በየራሳቸው «ይደርስብኛል ብለው ይገምታሉ?» የሚለውን በአንድ በኩል፣ «ምን ያህል ያስፈራዎታል?» የሚለውን በሌላ በኩል ያስቀምጡ።

መልስ፦ ከ«የመስክ ጠያቂ»

«ናሙና» ባሉት እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ ጊዜ ነው። «ምን ያህል ይፈራሉ?» ብለን ስንጠይቅ መላሹ አጠቃላይ አመለካከቱን ይነግረናል እንጂ መቼና ስንት ጊዜ እንደፈራ አይነግረንም። ስቲቨን ፋራልና ዴቪድ ጋድ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ጥያቄውን ከፋፈሉት፦ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የወንጀል ሰለባ እሆናለሁ ብለው ፈርተው ያውቃሉ? ከሆነስ ስንት ጊዜ? በመጨረሻው ጊዜ ፍርሃትዎ ምን ያህል ብርቱ ነበር? በዚህ መንገድ ሲጠየቁ፣ ደጋግመው ብርቱ ፍርሃት የተሰማቸው ሰዎች ቁጥር በተለመደው መጠይቅ ከሚታየው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ቁጥሩ አነሰ ማለት ግን ጉዳዩ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በመስክ ሥራ ላይ አንድ አዛውንት በመጠይቁ ላይ «በፍጹም አልሰጋም» የሚለውን መርጠው፣ ወረቀቱ ከታጠፈ በኋላ ግን በጨዋታ መሐል ከመሸ በር ማን እንደሚያንኳኳ በመስኮት ሳያዩ እንደማይከፍቱ፣ ለጎረቤት ለቅሶ እንኳ ሰው ካላጀባቸው ማታ እንደማይሄዱ አጫወቱኝ። ኑሯቸውን ከፍርሃቱ ጋር ስላስማሙት ፍርሃቱ አይሰማቸውም። እንዲህ ያለውን ሰው መጠይቅ ብቻውን አያገኘውም። እባክዎ ጥቂት ሰዎችን ረጋ ብለው በቃለ መጠይቅ ያነጋግሩ፤ ምን ይሰማዎታል ከማለት ይልቅ ስለ ፍርሃቱ ሲሉ ምን እንዳደረጉ፣ ምንስ እንደተዉ ይጠይቁ።

መልስ፦ ከ«ሕግና ኑሮ»

«ያለ ምክንያት» የሚለው አባባል ያሳስበኛል። ፍርሃት የሚመዘነው ነገሩ ሊደርስ በሚችልበት ዕድል ብቻ ሳይሆን ቢደርስ በሚያስከትለው ጉዳትም ጭምር ነው። ወጣቱ ተገፍትሮ ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሣል፤ የ75 ዓመቷ እናት ግን ዳሌያቸው ተሰብሮ ከአልጋ ላይነሡ ይችላሉ። ማርክ ዋርና ማርክ ስታፎርድ በ1983 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከግድያ ይልቅ በሌሉበት ቤታቸው እንዳይሰበር አብልጠው እንደሚፈሩ አሳይተዋል፤ ግድያ እጅግ ከባድ ቢሆንም በእኔ ላይ ይደርሳል ብሎ የሚገምተው ሰው ጥቂት ነው። ሴቶችን በተመለከተም ፌራሮ የቀማኛ ወይም የሌባ ፍርሃታቸው ውስጥ የመደፈር ስጋት እንዳለበት አስረድቷል። ከዚህም በላይ አረጋውያን ጥቃት የማይደርስባቸው በከፊል ስለሚጠነቀቁና ስለማይወጡ ሊሆን ስለሚችል፣ ዝቅተኛውን ቁጥር ይዘን ፍርሃታቸውን መሠረተ ቢስ ማለት አግባብ አይደለም።

ፍርሃትና የወንጀል ቁጥር ተነጣጥለው የሚሄዱበትን ሌላ ምሳሌ ካስፈለገዎት፣ በአሜሪካዋ የኒውዋርክ ከተማ በእግር ስለሚዘዋወሩ ፖሊሶች የተደረገው ሙከራ በ1981 ታትሟል። ፖሊሶቹ በእግር መዘዋወራቸው ወንጀሉን አልቀነሰውም፤ የነዋሪው የደኅንነት ስሜት ግን ተሻሽሏል። ወንጀል በአገር ደረጃ ጨምሯል የሚለው የሕዝብ ግምት ከዜናና ከወሬ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ስለ አገር የሚጠይቁትን ስለ ሰፈር ከሚጠይቁት ለይተው ያስቀምጡ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከ«ሚዛን»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አእምሮዬን ከፍታችሁልኛል። ወንጀሎቹን በየስማቸው ለይቼ እጠይቃለሁ፤ ስለ ድግግሞሹና ስለ ብርታቱ የቀረቡትን ጥያቄዎችም እጨምራለሁ። አማካሪዬ ግን የቀድሞውን ጥያቄ ጨርሶ እንዳልተወው ይፈልጋሉ። ልተወው ወይስ ላቆየው?

መልስ፦ ከ«ናሙና»

ያቆዩት፤ ውጤትዎን ከቀደሙት ዳሰሳዎች ጋር ማወዳደር የሚችሉት በእሱ ነው። ትንታኔው ላይ ግን «ከመሸ በኋላ የሚሰማ የደኅንነት ስሜት» ብለው ይሰይሙት እንጂ ከሌሎቹ ጋር ደምረው አንድ የፍርሃት ነጥብ አያውጡበት። በመጠይቁ ውስጥም ወንጀሎቹ በስማቸው ከመጠራታቸው በፊት ያስቀድሙት፤ ስለ ዝርፊያና ስለ ድብደባ ከተጠየቀ በኋላ የሚመጣ ከሆነ መላሹ እነዚያን እያሰበ ስለሚመልስ፣ ለማወዳደር ያቆዩት ጥያቄ ለማወዳደር አይበቃም።