ሽማግሌ መሲንቆ ተጫዋች ሳነሳ ሁሉም ጉርድ ፎቶ ሆነብኝ፣ ምን ላርግ?

የሸዋበር_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከጓደኛዬ ጋር ደሴ ላይ ጀበና ቡና ልንከፍት ነው፣ ግድግዳው ላይ የወሎ ድምፃውያንና ተጫዋቾች ትላልቅ ፎቶ እንስቀል ብለን ተስማማን። የማሪቱ ለገሰ የግድ ነው፣ እሷ የሌለችበት ግድግዳ ላይ አምባሰልና ባቲ ብለን ብንጽፍ ማን ያምነናል። ግን ስማቸው የወጣውን ብቻ ሳይሆን ከሰርግ ሰርግ ሲዞሩ የኖሩትንም እኔው ራሴ ላነሳ አሰብኩና ሐይቅ ከተማ አካባቢ አንድ መሲንቆ ተጫዋች አባት ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ሲጫወቱ ብታዩ ጉድ ነው፣ አይናቸውን ጨፍነው ጉንጫቸው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እኔ ካሜራ ሳወጣ ግን ቆይ አሉኝና ጓዳ ገብተው ኮት ደርበው ቁልፉን እስከ አንገት ቆልፈው መጡ፣ መሲንቆዋን እንደ ጠመንጃ ቀጥ አርገው ይዘው ቆሙ፣ በቃ ድንጋይ። አባባ ትንሽ ፈገግ ይበሉ ስላቸው "ምን አስቆኝ?" አሉኝ። ወደ 60 ፎቶ አነሳሁ፣ 60ውም መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ፣ የታዋቂዎቹን ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ ማሳተም ችግር አለው? የአንዷን ለሙከራ አንድ ማተሚያ ቤት አሳትሜ ፊቷ ተበጣጥሶ አተር በአተር ሆኖ መጣልኝ፣ ብሬንም በሉኝ።

ኮምቦልቻ_ካሜራ፦
አብሽር ወንድሜ ሁላችንም አልፈንበታል። መጀመሪያ ፍላሹን አጥፋ። በር ላይ አስቀምጣቸው፣ ፊታቸው ወደ ውጪ፣ ከኋላ ቤቱ ጨለማ ይሁን፣ የጠዋት ብርሃን ከጎን ሲመጣ ሽብሽቡም ሽበቱም ራሱ ይናገራል። 50 ሚሜ ሌንስ ካለህ ኤፍ 1.8 ላይ ወይ 2 ላይ ሁን (ሌንሱ በሰፊው ተከፍቶ ከኋላ ያለው እንዲደበዝዝ)፣ ከሌለህ የስልክህም ይበቃል፣ ዋናው እሱ አይደለም።

ዋናው "ፎቶ ላንሳዎት" አለማለት ነው። ይቃኙ። ተጫዋች ሲቃኝ ካሜራ አያስታውስም። የፈረስ ጭራው ላይ እጣን ሲያሹበት አይተህ ታውቃለህ? ከዛ ደጋኑን አንዴ ሳብ አርገው ጆሮአቸውን ወደ ቆዳው ዘንበል ያረጋሉ፣ ያቺን ነው የምትጠብቃት። እኔ አንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቡና ጠጥቼ የተጠቀምኩባት ፎቶ አንድ ናት።

ደሞ ፊት የግድ ነው ያለህ ማነው? ዩሱፍ ካርሽ የሚባል ካናዳ የኖረ አርመን ፎቶ አንሺ አለ፣ የእንግሊዙን መሪ ቸርችልን ሲጋሩን ከአፉ ነጥቆ ያነሳው (አርመኖች በዚህ ሙያ እጃቸው ረዥም ነው፣ የኛን ምኒልክን ያነሳው ቦያጂያንም አርመን ነው)። ካርሽ በፈረንጆቹ 1954 ቼሎ ተጫዋቹን ፓብሎ ካሳልስን ሊያነሳ ፈረንሳይ አገር አንድ አሮጌ ገዳም ውስጥ ገባ፣ ሰውዬው መጫወት ሲጀምር ካርሽን ሙዚቃው ያዘውና ሰውዬውን ከጀርባው አነሳው። ጀርባ! ባዶ የድንጋይ ግድግዳ፣ ከላይ ትንሽ መስኮት፣ ከስር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቼሎውን ይዞ። በኋላ ፎቶው ቦስተን ሙዚየም ተሰቅሎ አንድ ሽማግሌ በየቀኑ እየመጣ ፊቱ ይቆም ነበር አሉ፣ ምን እያረጉ ነው ሲሉት ዝም በል ሙዚቃ እየሰማሁ ነው አለ ይባላል።

ቶሳ_ስር፦
ከጀርባ ያለው ጥሩ ነው። እኔ ደሞ ፎቶ አንሺው አርኖልድ ኒውማን የሙዚቃ ደራሲውን ስትራቪንስኪን ያነሳበትን እወዳለሁ፣ 1946 ነው በነሱ፣ የፒያኖው ክዳን ፎቶውን ሞልቶት ሰውዬው ታች ጥግ ላይ ጭንቅላቱን በእጁ ደግፎ። ያዘዘው መጽሔት አልፈልግም ብሎ መልሶት ነበር፣ ዛሬ ስትራቪንስኪ ሲባል የሚመጣው እሱ ነው። እና መሲንቆዋን ወደ ሌንሱ አስጠጋት፣ አባት ከኋላዋ ይታዩ።

ፎቶ አንሺው ሃልስማን ሰዓሊውን ዳሊን ያነሳበትን ብቻ እንዳትሞክር፣ ድመትና ውሃ እያስወረወረ ከ20 ጊዜ በላይ ነው ያነሳው። ሐይቅ ላይ ድመት ብትወረውር በመሲንቆው ደጋን ነው የሚሉህ 😂

እቱ_ባቲ፦
ሁላችሁም ስለ ፈረንጅ አወራችሁ፣ እኔ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። እኝህ አባት ቀጥ ብለው መቆማቸው ምኑ ነው ስህተቱ? የእናቴ ፎቶ አለ ቤታችን፣ ወጣት እያለች ደሴ ፎቶ ቤት የተነሳችው፣ ኋላዋ የተሳለ ፏፏቴና አበባ፣ አንድ እጇ የሷ ያልሆነ ሬዲዮ ላይ፣ አትስቅም። እሷ ለዛ ፎቶ ጸጉሯን ሁለት ቀን ነው የተሰራችው። ፎቶ ማለት ለነሱ እንዲህ ሁኜ እዩኝ ማለት እንጂ ሳላይ አንሱኝ ማለት አይደለም።

የማሊውን ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታን እዩ። ባማኮ ላይ 1948 በነሱ ስቱዲዮ ከፍቶ ግቢው ውስጥ በፀሐይ ብርሃን፣ መጀመሪያ ላይ የራሱን አልጋ ልብስ ከኋላ ሰቅሎ ነበር የሚያነሳው፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ፎቶ ብቻ፣ ፊልም ውድ ስለሆነ። ሰዎቹ ለብሰው ተኩነስንሰው ነው የሚቆሙት፣ ግን እጃቸውን እንዴት እንደሚያስቀምጡ እሱ ነው የሚያሳያቸው። ዛሬ የዓለም ሙዚየም የሚሰቅለው እነዛን ነው። አንተም ጋቢ ከኋላቸው ስቀል፣ ኮታቸውን ይልበሱ፣ እጃቸውን ብቻ አስተካክል። ጠመንጃ ሳይሆን መሲንቆ ነው የያዙት፣ እሱን ብቻ አስታውሳቸው።

ጥቁርና_ነጭ፦
ለሁለተኛው ጥያቄ። አውርዶ ማሳተም አይሆንም፣ ፎቶው የፎቶ አንሺው ሥራ ነው፣ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ፎቶንም ይጠብቃል። የሰውየውን ምስል በተመለከተ ደሞ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 ያለ ፈቃድ የሰው ፎቶ አደባባይ አይሰቀልም ይላል፣ ቁጥር 28 ላይ ለታዋቂ ሰው ወጣ ያለ ነገር አለው። ሐይቅ ያሉት አባት ግን በዛ አይገቡም መሰለኝ፣ ስለዚህ ፈቃዳቸውን በወረቀት ያዝ፣ ልጃቸው ባለበት አንብበህላቸው። ለታዋቂዎቹ ፎቶ አንሺውን ወይ ቤተሰቡን ጠይቅ፣ ኦሪጅናሉን ካገኘህ ያ አተር በአተሩም ይቀርልሃል፣ ትንሽ ፎቶ ስለተነፋ ነው እንዲያ የሆነው።

የሸዋበር_ልጅ፦
ተመለስኩ ጀማው። ቅዳሜ ሄድኩ፣ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ትቼ ቡና ተፈላ፣ ሁለተኛው ላይ ራሳቸው መሲንቆዋን አወረዷት። እጣኑን ሲያሹ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ተሰንጥቆ ክሩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጠቁሯል፣ እሱን ከዚህ በፊት አላየሁትም። ጆሮአቸውን ሲያዘነብሉ አነሳሁ፣ በሩ ላይ፣ አይናቸው አይታይም፣ ጣትና ጆሮ ብቻ ነው ብርሃን ያገኘው። ወላሂ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከዛ የእቱን ጋቢም ሰቅዬ ኮታቸውን ለብሰው ደገምኩ።

ትናንት ሁለቱንም አሳትሜ ወሰድኩላቸው። የኔን ጉደኛ ፎቶ ቢያዩት ቢያዩት "ይሄ ማነው? ፊት የለውም እኮ" አሉ። የጋቢውን ግን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ግድግዳ ላይ ከሟች ባለቤታቸው ጎን አቆሙት፣ ለልጃቸውም አንድ ጨምርልኝ አሉኝ።

ጓደኛዬ ጆሮውን እንስቀል ይላል፣ እኔ አሁን ግራ ገባኝ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ብናረጋቸው ምን ትላላችሁ? ደሞ ደሴ ላይ የእንጨት ፍሬም አሳምሮ የሚሰራ የምታውቁ በውስጥ ጠቁሙኝ፣ የፕላስቲኩን አልፈልግም።

እቱ_ባቲ፦
አልኩህ አላልኩህም? የጋቢውን መግቢያው ላይ አርገው። ጆሮው ጀበናው ጋ ይሁን።