የጋዝ ጓሉ ጭራ ሳያወጣ ይጠፋብኛል፣ እባካችሁ ድረሱልኝ

የጅማዋ፦ ነገ ጠዋት አማካሪዬ ፊት አቀርባለሁ፣ በኮምፒውተር የማስመስልበት ሙከራ፣ ሲሙሌሽኑ፣ ግን እምቢ አለኝ። ቀዝቃዛ የጋዝ ጓል አስቀምጬ የጋለ ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁ ጋዝ) እንደ ነፋስ አስነፍስበታለሁ። ፊቱ ጠፍጠፍ ይላል፣ ከዚያ ተገፍቶ በቀኝ ጠርዝ ይወጣል። ጭራ የለም! ጅማ መብራት ሄድ መጣ እያለ ነው፣ ባትሪዬ 40 በመቶ ላይ ነው።

ቡና በጠዋት፦ ታይም ስቴፑን፣ ስሌቱ በአንዴ የሚራመደውን ጊዜ፣ በግማሽ ቀንሺው።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ጭራ ማለት ከጓሉ የተላጠ ጋዝ ነው። ነፋሱ ጎንና ጎኑን ይልጠዋል፣ የተላጠው ከኋላ ይሳባል። ሚራ የምትባል ኮከብ አለች። በ2007 በአልትራቫዮሌት ስትታይ 13 የብርሃን ዓመት የሚረዝም ጭራ ተገኘባት። በሴኮንድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እየከነፈች የራሷን ጋዝ ከኋላዋ ትዘራለች።

ሰባራ ሲኒ፦ ጭራ ከሆነ ሐሙስ ገበያ ሞልቷል፣ ያውም የፈረስ 😄

ሂርማታ፦ ጭራ ሁሉ የነፋስ ሥራ ነው ያለው ማነው? ሄሊክስ ኔቡላን፣ አንድ ኮከብ ሊሞት ሲል የተፋውን የጋዝ ደመና፣ እዩ። በሺህ የሚቆጠሩ ጓሎች ጭራቸውን ከመሃሉ ኮከብ አርቀው ዘርግተዋል። ጨረሩ ፊታቸውን ያተናል፣ ከጀርባቸው ጥላ አለ። ጨረር ካላስገባሽ ጥያቄሽ ራሱ ጎደሎ ነው።

የጅማዋ፦ የኔ ርዕስ ነፋስ ብቻ ነው። ታይም ስቴፑንም ቀንሼዋለሁ፣ ያው ነው።

ቡና በጠዋት፦ እንደገና በግማሽ ቀንሺው።

አዌቱ ዳር፦ እህቴ፣ ሲሙሌሽኑ የሚሠራበት ሳጥንሽ ምን ያህል ይረዝማል? ጓሉስ ከነፋሱ ስንት እጥፍ ጥቅጥቅ ያለ ነው?

የጅማዋ፦ ሳጥኑ የጓሉ ራዲየስ 8 እጥፍ። ጓሉ 100 እጥፍ።

አዌቱ ዳር፦ በቃ፣ ችግሩ እሱ ነው። የ100 ካሬ ሥር 10 ነው። ነፋሱ ጓሉን ሲመታው የሚነሳው የግፊት ሞገድ ጓሉን እስኪያቋርጥ ድረስ ነፋሱ 10 ራዲየስ ያህል ይሄዳል። ጭራ ለማየት ደግሞ ያንን ጊዜ ደጋግመሽ ማለፍ አለብሽ። ዝናብ ሲጥል አዌቱ ድልድይ ላይ ቆመሽ ተመልከቺ። ውሃው የጭቃ ጓል ሲያገኝ ጭቃው ከኋላው እንደ ክር እየተመዘዘ ይሄዳል። ያን ክር ጣሳ ውስጥ አታዪውም። ሳጥኑን ወደ 60 ራዲየስ አርዝሚው፣ ወይ ከጓሉ ጋር እንዲጓዝ አድርጊው። ጋዙ ሙቀቱን በጨረር እንዲያጣም ፍቀጂለት። አለዚያ የተላጠው ቶሎ ተበትኖ ይቀላቀላል።

የጅማዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አሁን አስነሳሁት። ባትሪ 22።

ጋሽ መምህር፦ በየመሃሉ ሴቭ እንዲያደርግ እዘዢው ልጄ። መብራት ቢሄድም ከዜሮ አትጀምሪም።

ቡና በጠዋት፦ እህት፣ ጭራው ወጣ?